ሞተሩ ከመውረዱ በፊት፦ ጭነት ሲይዝ ጉልበት ስለሚያጣ አሮጌ ትራክተር የቀረበ አስተያየት

በክረምት መግቢያ፣ አፈሩ ለእርሻ በሚለሰልስበት በዚያ አጭር ጊዜ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ትራክተር ወደ ማሳ ይወጣል። ማረሻው መሬት ውስጥ እንደገባ ሞተሩ ያቃስትና ይደክማል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ይጠፋል። ማረሻው ሲነሣለት ደግሞ ድምፁ ያምራል፤ በመንገድ ላይም እንደ ልቡ ይሮጣል። ወዲያው ሾፌሩ «ጉልበት የለውም» ይላል፤ መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ይላል፤ የማኅበሩ ኮሚቴም ገንዘብ ፍለጋ ይነሣል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው። ይኸውም ጭነት ሲይዝ ጉልበት የሚያጣ ትራክተር ሞተሩ እንዲወርድ ከመወሰኑ በፊት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪው ከሚያንሰው ወጪው ወደሚበዛው በተራ ሊመረመር ይገባል፤ የምርመራውም ውጤት በጽሑፍ ሳይሰፍር ኮሚቴው ለጥገና ገንዘብ ሊፈቅድ አይገባም የሚል ነው።

እኛው የሠራነው ስሕተት

ይህን የምንናገረው እኛው ራሳችን ተሳስተን ስላየነው ነው። ከዓመታት በፊት በደምቢያ ሜዳ የሚገኝ አንድ ማኅበር አሮጌ ቤላሩስ ትራክተሩን እንድናይለት ጠርቶን ነበር። ትራክተሩ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ያርስና ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ይነሣና እንደገና ያርሳል። እኛም ዕድሜውን አስበን፣ ጭሱን በሩቁ ተመልክተን፣ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ስንል መከርን። ማኅበሩ ምክራችንን ተቀብሎ ሞተሩን አወረደ፤ ፋሻውም ተለወጠ። ትራክተሩ ተገጣጥሞ ማሳ ላይ በወጣበት ቀን ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ጠፋ።

በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት በነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ በጭቃ መደፈኗ ነበር። ናፍጣው እየቀነሰ ሲሄድ በቦታው አየር መግባት ስላልቻለ ታንኩ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘው ነበር። ሾፌሩ የቀረውን ናፍጣ ለማየት ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ትራክተሩ ይሻለው የነበረውም ለዚሁ ነው። ሾፌሩ ይህን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ልብ አላልነውም። ቀዳዳዋን ለመክፈት የጠየቀው አንዲት ቀጭን ሽቦና አምስት ደቂቃ ነው። ማኅበሩ ግን ለፋሻው ገንዘቡን፣ ለጋራዡ ደግሞ የእርሻ ጊዜውን ከፈለ። በሬ የሌላቸው አባላት በዚያ ዓመት ዘግይተው ዘሩ። የዘገየ እርሻ በምርት ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መዘርዘር አያስፈልገንም።

ጥፋቱ ጭነት ሲይዝ ብቻ ለምን ይታያል?

ብዙ ሾፌሮች «ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው፤ ስለዚህ ናፍጣም አየርም አላጣም» ሲሉ ያስረዳሉ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። 80 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለ ሥራ ቆሞ ሲሽከረከር በሰዓት 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበቃዋል። ማረሻው ጥቁር አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ግን በሰዓት 15 ሊትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ፊልትሮው ተደፍኖ በሰዓት 5 ሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ለቆመው ሞተር ከበቂ በላይ ሲሆን ለሚያርሰው ሞተር ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሰጣል ማለት ነው።

አየሩም እንዲሁ ነው። የቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80 ሞተር 4.75 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር በየደቂቃው 5,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተሟልቶ ለመቃጠል ከ14 ኪሎ በላይ አየር ያስፈልገዋል። የአየር ማጣሪያው በአቧራና በረጋ ዘይት ከታፈነ ሞተሩ ያለ ሥራ ሲዞር ችግሩ አይታወቅም፤ ማረሻው ሲገባ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው የልቡ ድካም እንደማይታወቅበትና ዳገቱ እንደሚያጋልጠው ሁሉ፣ ሞተርንም የሚያጋልጠው ጭነት ነው። ስለዚህ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አስነሥቶ ድምፁን በማዳመጥ ብቻ የዚህ ዓይነቱን በሽታ ማወቅ አይቻልም።

ከፍታው የሚወስደውን ጉልበት እንወቅ

በአካባቢያችን ከሌላው ቦታ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ የመሬቱ ከፍታ ነው። ቀድሞ ሰሜን ጎንደር ይባል የነበረውና ዛሬ ማዕከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ የተከፈለው አካባቢ ከመተማ ቆላ እስከ ሰሜን ተራሮች ይደርሳል። በጣና ዳር ያለው የደምቢያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ የጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል። በባሕር ጠረፍ ያለውን አየር 100 ብንል፣ በተመሳሳይ መጠን የሚገኘው አየር በደምቢያ ሜዳ 84፣ በጎንደር ከተማ 81፣ በደባርቅ 75 ያህል ብቻ ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ አሮጌዎቹ ቤላሩስና ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው፣ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል እንደሚያጣ ተደርጎ በግርድፉ ይታሰባል። በዚህ ስሌት በፋብሪካው መጽሐፍ 80 የፈረስ ጉልበት የተባለው ትራክተር በደምቢያ 65፣ በጎንደር 63፣ በደባርቅ 57 ያህል የፈረስ ጉልበት ይኖረዋል ማለት ነው። ይህ ጉድለት አዲስ ትራክተርም ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ ሞተር በማውረድ የሚመለስ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ትራክተሩ ሊወዳደር የሚገባው ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ሳይሆን ባለፈው ዓመት እዚያው ማሳ ላይ ይሠራ ከነበረው ሥራ ጋር ነው። ከደምቢያ ሜዳ ተከራይቶ ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ የወጣ ትራክተር ማረሻውን ጠለቅ አድርጎ መጎተት ቢያቅተው ታመመ ማለት አይደለም፤ ጥልቀቱ ወይም ማርሹ ዝቅ ሊልለት ይገባል። ሁለተኛ፣ የጠፋውን ጉልበት ለመመለስ ሲባል የፖምፓውን የፋብሪካ ማሸጊያ ቆርጦ ብሎኑን በማዞር ናፍጣ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። የጎደለው አየር ስለሆነ የተጨመረው ናፍጣ በጥቁር ጭስ መልክ ይባክናል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። ጥቁር ጭስ እያግተለተለ የሚያርስ ትራክተር ለተመልካች ብርቱ ሊመስል ይችላል፤ የሚጎዳው ግን የማኅበሩ ገንዘብና የሞተሩ ዕድሜ ነው።

የውኃውም ነገር መዘንጋት የለበትም። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በጎንደር በ93፣ በደባርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ውኃው ቶሎ ያልቃል። በሙቀት የተጨነቀ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል።

የምርመራው ተራ

ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ምርመራ ከግማሽ ቀን የበለጠ አይፈጅም። አብዛኛውን ለመፈጸም ጥቂት ቁልፎች፣ ንጹሕ ጀሪካን፣ የጎማ ቱቦና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ።

1. መጀመሪያ ጉልበት ያጣው ሞተሩ መሆኑን ማረጋገጥ። ትራክተሩ ሲያርስ የሞተሩ ድምፅ አብሮ ከወረደ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም በተጫነበት ሥራ ላይ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሳይወርድ ትራክተሩ ብቻ ከዘገየ ግን ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይም ፍሪሲዮኑ አልቋል። የጎማውን መንሸራተት ለመለካት በጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጎ 10 ዙር የሚሄደውን ርቀት ማረሻው ተነሥቶና ማረሻው ገብቶ መለካት ነው። ለምሳሌ ያለ ሥራ 50 ሜትር፣ በእርሻ ላይ 40 ሜትር ቢሄድ መንሸራተቱ 20 በመቶ ነው፤ ይህም ከሚገባው በላይ ነው። በእርጥብ ዋልካ አፈር ላይ ይህ በብዛት ይደርሳል፤ መድኃኒቱም አፈሩ እስኪጠነፍፍ መታገሥ፣ ያለቀ ጎማን መለወጥ ወይም በኋላ ጎማው ላይ ክብደት መጨመር ነው። እንዲሁም የማረሻው ጥልቀት ከ20 ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ የሚገለበጠው አፈር በአንድ አራተኛ እንደሚጨምርና የደነዘዘ ማረሻም ጉልበት እንደሚበላ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፍሬኑ ይዞ አለመቅረቱም በዚሁ ጊዜ ይታያል።

2. ጭሱን ማየት። ይህ የሚታየው ትራክተሩ እያረሰ ሳለ ነው። ሞተሩ እየደከመ ጭሱ ጥቂት ከሆነ ወይም ከሌለ፣ ናፍጣ አልደረሰውም ማለት ነው። እየደከመ ጥቁር ጭስ ካወጣ አየር አንሶታል፣ ወይም ኖዝሉ ናፍጣውን በደንብ አይበትንም፣ ወይም ሥራው በዝቶበታል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ነጭ ጭስ በደባርቅ ብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ የሚያሳስብ አይደለም፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ካላቋረጠ ግን ናፍጣው ሳይቃጠል የሚወጣ ወይም ውኃ የገባበት መሆኑን ያሳያል። የልማት ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ቢይዝ፣ ድካም ያለ ጭስ ወደ ናፍጣው፣ ድካም ከጥቁር ጭስ ጋር ወደ አየሩ እንደሚመራ ይያዝ።

3. የናፍጣውን መንገድ ከታንኩ ጀምሮ መከተል። መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት የነዳጅ ታንክ ክዳኑ መተንፈስ አለበት። ክዳኑን ፈታ አድርጎ ማረስ ጥፋቱ እዚያ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ይነግራል። ቀጥሎ ከታንኩና ከፊልትሮው ሥር ያለውን ዝቃጭና ውኃ ማፍሰስ፣ ከዚያም በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ አድርጎ በእጅ መግፊያው ናፍጣ መግፋት ነው። ናፍጣው አረፋ ካለው ከታንኩ እስከ ነዳጅ ሳቢው ፖምፓ ባለው ቱቦ አየር ይገባል፤ ደክሞ ከወጣ መንገዱ ተደፍኗል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ጀሪካን ነው። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ አጥብቆ አስሮ፣ ከጋለው የጭስ ማውጫ በራቀ ቱቦ ከነዳጅ ሳቢው ፖምፓ ጋር ማገናኘትና ጥቂት ትልም ማረስ ነው። ጉልበቱ ከተመለሰ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በታንኩ ወይም በቱቦው ነው። ካልተመለሰ ፊልትሮውን በአዲስ መለወጥና እንደገና መፈተን ነው።

4. የነዳጅ መስጫውን ማየት። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ሌላው በፖምፓው ላይ ያለው ክንድ እስከ ማቆሚያው መድረሱን ይመልከት። በአሮጌ ትራክተር መገጣጠሚያዎቹ ስለሚላሉ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ይህ በቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው።

5. የአየሩን መግቢያና የጭሱን መውጫ ማየት። በዘይት የሚሠራ የአየር ማጣሪያ ሳህኑ ተከፍቶ የረጋው አቧራ መታየት አለበት፤ ዘይቱም በምልክቱ ልክ ይሁን። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። ማጣሪያው በናፍጣ ታጥቦና ተንጠፍጥፎ ይመለስ፤ በቤንዚን አይታጠብ፣ ምክንያቱም የቀረው ቤንዚን ወደ ሞተሩ ተስቦ ከቁጥጥር ውጭ ሊያስነሣው ይችላል። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ በውስጥ ተልጦ እንዳይታጠፍ በእጅ ይዳሰስ። ማርሚታውም ተጨፍልቆ ወይም በጥላሸት ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። የራዲያተሩ ፊት በጭድና በገለባ አለመሸፈኑና ቺንጋው አለመላላቱ በዚሁ ጊዜ ይረጋገጥ። የራዲያተር ክዳን ግን ሞተሩ ግሎ ሳለ አይከፈት።

6. በመጨረሻ ወደ ኖዝሉና ወደ ሞተሩ ውስጥ መጠጋት። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የእያንዳንዱን ኖዝል የናፍጣ ቱቦ ብሎን በተራ ጥቂት ላላ ማድረግና መልሶ ማጥበቅ፣ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ያሳያል፤ ብሎኑ ላልቶ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውኑ ሥራ ላይ አልነበረም። ይህን መካኒክ ይሥራው። በግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ እጅ ፈጽሞ አይቅረብበት። የቫልቭ ክፍተት መለካትም እዚህ ላይ ይመጣል።

ሞተሩ መውረድ የሚገባው መቼ ነው?

አስተያየታችን ሞተር ፈጽሞ አይውረድ የሚል እንዳይመስል እንፈልጋለን። ከላይ ያለው ሁሉ ታይቶ የሞተሩ መተንፈሻ ጭስ በኃይል እየገፋ የሚያወጣ፣ ሰማያዊ ጭስ የማያቋርጥ፣ የሞተር ዘይት በየቀኑ የሚጎድል፣ ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ ፋሻውና ሲሊንደሩ ማለቃቸው እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር እያባበሉ ማቆየት ጉዳቱን ያበዛል። በራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ከታየ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ውኃው ያለማቋረጥ አረፋ ካወጣም ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉ ስለሚያጠራጥር ትራክተሩ ይቁም። እኛ የምንለው ይህ ውሳኔ የመጨረሻው ደረጃ ይሁን፤ ከማስረጃም ጋር ይሁን ነው።

የነዳጅ ፖምፓውም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም። የፖምፓው ውስጠኛ ክፍሎች የሚገጣጠሙት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ በሆነ ክፍተት ነው። ስለሆነም በማሳ ዳር፣ በአቧራ መካከል፣ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ መፍታት ጤነኛውን ፖምፓ ማሳመም ነው። ፖምፓ የሚፈታው የመፈተኛ መሣሪያ ባለበት ጋራዥ ብቻ ነው።

ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

መካኒኮች «በዚህ ሁሉ ምርመራ ጊዜ ይባክናል» ሊሉ ይችላሉ። በእርሻ ወቅት ግማሽ ቀን ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ሞተር ወርዶ መለዋወጫ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠፋው ጊዜ ከግማሽ ቀን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው ያውቃል» ይላሉ። የመካኒኮቻችንን ልምድ አናቃልልም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በተቋቋመው ፋብሪካ የተገጣጠሙት ቤላሩስ ትራክተሮች ከተሠሩ አርባ ዓመት ቢያልፋቸውም እስከ አሁን የሚያርሱ ካሉ የሚያርሱት በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ነገር ግን ጥሩ ጆሮም የሚሰማው የሚሰማውን ነው፤ የተደፈነች የክዳን ቀዳዳ ድምፅ የላትም። እኛም ያኔ የተሳሳትነው ልምዳችንን ተማምነን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሾፌሮች በኩል የሚመጣ ነው። አንዳንድ ሾፌር ፊልትሮ ሳይለውጥ፣ ማጣሪያ ሳያጥብ መክረሙ እንዳይታወቅበት «ሞተሩ ነው» ማለትን ይመርጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ኮሚቴው ሾፌሩን ከመክሰስ ይልቅ እውነቱን እንዲናገር የሚያበረታታ ከሆነ ምርመራው ይቀላል። ትራክተሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ቀኑን ሙሉ በላዩ የሚውለው ሰው ነው።

ምን ይደረግ?

የልማት ሠራተኛው መካኒክ እንዲሆን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ማኅበሩን ሲጎበኝ ጥቂት ጥያቄዎችን እንዲያቀርብ ነው። ሞተሩ የሚደክመው ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ካረፈ በኋላ ይሻለዋል? ሲደክም ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ፊልትሮው መጨረሻ የተለወጠው መቼ ነው? ካለፈው ዓመት የተለወጠው ማሳው፣ ጥልቀቱ ወይስ ትራክተሩ? መልሶቹን ቀንና ሰዓት ጨምሮ ይጻፋቸው። ሞተር ይውረድ የሚል ጥያቄ ለኮሚቴ ሲቀርብም ይህ ወረቀት አብሮ መቅረቡን ያረጋግጥ።

ማኅበራትም በበኩላቸው አራት ነገሮችን እንዲፈጽሙ እንመክራለን። አንደኛ፣ ጥገናው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው በጋ ይካሄድ፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የሚደረግ ጥገና የችኮላ ጥገና ነው። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ለአንድ ወቅት የሚበቃ ፊልትሮ አስቀድሞ ተገዝቶ በመጋዘን ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ በበርሜል የሚመጣ ናፍጣ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ረግቶ፣ ከበርሜሉ ግርጌ ሳይነካ ከላይ ተቀድቶ፣ በጨርቅ ተጣርቶ ይሞላ። ታንኩም ማታ ሲሞላ በደጋው ብርድ የሚጤዘው ውኃ ይቀንሳል። አራተኛ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ትራክተሩ ጤነኛ ሳለ በአንድ በሚታወቅ ማሳ ላይ 100 ሜትር ተለክቶ፣ በተወሰነ ማርሽና ጥልቀት የፈጀው ጊዜና በሄክታር የወሰደው ናፍጣ በመዝገብ ይጻፍ። ለምሳሌ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚያርስ ትራክተር 100 ሜትሩን በ72 ሰከንድ ይጨርሳል። በዓመቱ መካከል ያው ማሳ 95 ሰከንድ ቢወስድ፣ ክርክር የማያስፈልገው ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ይኸው ሥርዓት ለማኅበራት አሮጌ የጭነት መኪናዎችም ያገለግላል። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ማዳበሪያ የሚያደርስ፣ ወይም ከአዲ አርቃይ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ዳገት ላይ ሲደክም፣ ዳገቱ ለመኪናው እንደ ማረሻው ነው። ክዳኑ፣ ፊልትሮው፣ የአየር ማጣሪያውና ጭሱ በዚያው ተራ ይታዩ፤ ከፍታው የሚወስደውም ጉልበት ታስቦ ጭነቱ ይወሰን።

አንድ አሮጌ ትራክተር ለአንድ ማኅበር ከብረት በላይ ነው። በሬ የሌላት ባለ ማሳ፣ ጉልበት ያነሰው አዛውንት፣ ማሳውን በወቅቱ ማረስ ያልቻለ ቤተሰብ ሁሉ ተራውን የሚጠብቅበት ንብረት ነው። የመጪው ክረምት እርሻ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ማኅበር ትራክተሩን በዚህ ተራ ፈትሾ ውጤቱን በመዝገብ እንዲያሰፍር፣ የልማት ሠራተኞችም ይህን እንዲከታተሉ አደራ እንላለን። ምርመራውም ከነዳጅ ታንኩ ክዳን ይጀምር።